ሙሉ በሬ በአንድ ጉርሻ

ማስታወቂያው የተለጠፈው ሰኞ ጠዋት፣ ከቄራው መልበሻ ክፍል በር ጎን ባለው ሰሌዳ ላይ ነው። እዚያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የኖረው የፈረቃ ዝርዝር፣ የጠፋ ቁልፍ፣ ሲብስም «ቦት ጫማዬን የወሰድክ ሰው በሰላም መልስ» የሚል ነገር ነበር። ይኼኛው ግን ማህተም አለበት። ማህተም ያለበት ወረቀት ደግሞ ሠራተኛው ዘንድ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ለደግ አይመጣም።

ከላይ በእንግሊዝኛ፣ ከታች በትንንሽ ፊደል በእኛው ቋንቋ ተጽፏል። እትዬ ሞረድ የታችኛውን ቆማ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ። የሥጋ መለያ ክፍል ኃላፊነት ለውድድር ክፍት ሆኗል ይላል። ተወዳዳሪው በንጽህና መመሪያው ውስጥ ካሉት የእንግሊዝኛ ቃላት አሥሩን በፈታኝ ፊት ጮክ ብሎ ያነባል፣ ፍቺያቸውንም ይናገራል። ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በእንግሊዝኛው በኩል፣ ከዝርዝሩ ራስ ላይ፣ አንድ ረጅም ቃል ደመቅ ብሎ ተጽፎ ነበር፤ እሱን ዓይኗ እንደ ልማዱ ዘሎት አለፈ።

ሞረድ ስሟ አይደለም። ሞረድ ያ ቢላዋ የሚሳልበት ክብ ብረት ነው፤ ከወገቧ ስለማይለይ፣ ምላሷም የዚያው ዘመድ ስለሆነ ሠራተኛው ያወጣላት ስም ነው። ክፍሉን አሥራ ዘጠኝ ዓመት መርታለች። ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ከጣሪያው ሐዲድ ላይ የተሰቀለው ሥጋ በመንጠቆ እየተንሸራተተ ይመጣል፤ አሥራ አንድ ቆራጮች በብረት ጠረጴዛዎቹ ግራና ቀኝ ቆመው ከአጥንቱ ይለዩታል፤ የተለየው በላስቲክ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ይገባል። በእነዚያ ዓመታት ከክፍሉ የወጣው ካርቶን ቁጥር ስፍር የለውም፤ የተቆረጠ ጣት ግን አንድም የለም። በዚህ ትኮራለች፤ ኩራቷንም ከማንም አትደብቅም።

አዲሱን ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛው «ክራቫት» ይለዋል። ሁሉ ሰው በጋዋንና በጎማ ጫማ በሚንቦጫረቅበት ቦታ እሱ ብቻ ክራቫቱን ከጋዋኑ በላይ አውጥቶ ይሄዳል። ክፉ ነው ለማለት እንኳ ያስቸግራል። ፈገግታ ከፊቱ አይጠፋም፣ ትልቁንም ትንሹንም በጨዋ ደንብ ያናግራል። ነገሩ ያለው የሚስቱ ወንድም ላይ ነው። የሚስቱ ወንድም መጋዘን ቢሮ ተቀምጦ የሚወጣ የሚገባ ካርቶን ይመዘግባል፤ እንግሊዝኛው እንደ ውኃ ነው ይባልለታል፤ ቢላዋ ሲይዝ ግን ደብዳቤ ሊጽፍ የተነሳ ይመስላል። አንድ ቀን መለያ ክፍሉን ሊጎበኝ በከተማ ጫማ ገብቶ ሞራ ላይ ሲንሸራተት፣ አሥራ አንዱም ቆራጮች ሳቃቸውን ሊውጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። ማስታወቂያው በማን ልክ እንደተሰፋ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ክራቫት ያን ዕለት ቢሮው አስጠርቶ፣ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና እንዳትጨነቅ ነገራት። ደንቡ ከበላይ የመጣ ነው፣ እሱ አላመጣውም። አለመወዳደር መብቷ ነው። ካልተወዳደረች የምትዛወርበት ዕቃ ማጠቢያ ሞቅ ያለ ክፍል ስለሆነ ለጉልበቷም ይሻላታል። ለመሆኑ በዚህ ዕድሜ ከሰው ቋንቋ ጋር ግብግብ መግጠም ምን ይሠራላታል? ይህን ሁሉ ሲያወራት «እናቴ» እያለ ነው። እትዬ ሞረድ እሱን የመሰለ ልጅ ወልዳ አታውቅም።

«ስሜን ይጻፉ» አለችው ተነስታ። «እወዳደራለሁ።»

ደረጃውን የወረደችው ግድግዳውን ይዛ ነበር፤ ደግነቱ ማንም አላያትም። ትምህርቷ የቆመው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል ትለያለች፣ አጭር አጭሩን ትለቅማለች፤ ረጅም ቃል ሲመጣ ግን ዓይኗ ከሁለት ፊደል በኋላ ሸርተት ይልባታል። በዚህ ታፍራለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መመሪያ ስታየው የኖረችው ለሥዕሎቹ ነው። ቢሆንም የከነከናት ማጠቢያ ክፍል መውረዱ አልነበረም። የሚስቱ ወንድም ከመጣ ብዙ ካርቶን ለማስቆጠር ሐዲዱን ያስሮጠዋል። ሐዲዱ ከሮጠ ጣት ይቆረጣል። የማን ጣት እንደሚቀድም ሳይቀር ገምታ ነበር፤ ከበሩ በኩል ሦስተኛው ቆራጭ፣ ወሬ ሲጀምር ቢላዋውን የሚረሳው።

የምትኖረው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከሟች እህቷ ልጅ ጋር ነው። ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ማን ማንን እንደሚያሳድግ ግን እዚያ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ወዲያው መናገር ይቸግረዋል። ነገሩን ስትሰማ የራሷን ደብተር ዘጋችና የመመሪያውን ቅጂ ከአክስቷ እጅ ነጠቀች። ስድሳ ቃል ነው። ስድሳውም እንደ ባቡር የተቀጠለ።

ልጅቷ የምታውቀውን መንገድ ያዘች፤ ጭብጨባ። አንድ ቃል ሲነገር አፍ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት በእጅ እየመቱ መቁጠር ነው። ከን፣ ታ፣ ሚ፣ ኔ፣ ሽን። አምስት ጭብጨባ፤ ከንታሚኔሽን፤ መበከል ማለት ነው። ሪ፣ ፍሪ፣ ጀ፣ ሬ፣ ሽን። ይኼም አምስት፤ ሪፍሪጀሬሽን፤ ማቀዝቀዝ። ጎረቤት ማን ተዳረ ብሎ እስኪጠይቅ አጨበጨቡ። የእትዬ ሞረድ አፍ ተፍታታ፤ ሲያዳምጧት አንደኛ ናት። በማግስቱ ግን አምስት ጭብጨባ ያለው የቱ እንደሆነ፣ የትኛው መበከል የትኛው ማቀዝቀዝ እንደነበር፣ ሁሉም ተደበላልቆ ይጠፋባታል። አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ። ስድሳውን ቃል በአፏ አሳልፋዋለች፣ አንዱም ሆዷ አልገባም። ሰባተኛው ቀን ላይ መመሪያውን ወርውራ አለቀሰች፤ ልጅቷ እንዳላየች ሆና ልብስ አጠፈች።

በማግስቱ ሥራ ላይ የአንድ ትልቅ በሬ ትከሻ ፊቷ ቀረበ። ትከሻ ሲቀርብላት የምታደርገውን አደረገች። በግራ አውራ ጣቷ ጫን ጫን እያለች መገጣጠሚያውን ፈለገች፣ አገኘችው፣ የቢላዋውን ጫፍ ብቻ አስገብታ ዞር አደረገችው። ትከሻው ያለ ምንም ጉልበት፣ በራሱ ክብደት ተከፍቶ ወደቀላት። ከጥግ በኩል ደግሞ የኤሌክትሪኩ መጋዝ የበረደ ሥጋ እየጮኸ ይተለትላል። መጋዙ አጥንት ይሁን ጅማት አይጠይቅም፤ ሁሉን እኩል እኩል አድርጎ ይቆርጣል። ከመጋዝ የወጣውን ቁራጭ ይዘህ የጎን ነው የጭን ነው ብትል ማን ያውቅልሃል።

ቢላዋዋን እንደያዘች ቆመች። ሳምንቱን ሙሉ ስትሠራ የቆየችው በመጋዝ ነበር። ጭብጨባው ቃሉን ለአፍ በሚመች መጠን ይተለትለዋል እንጂ የቱ ትከሻ፣ የቱ ጎድን እንደሆነ አይነግራትም።

ያን ዕለት ቤት እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ ልጅቷን ጠየቀቻት። «እነዚህ ቃላት መገጣጠሚያ የላቸውም?»

ልጅቷ አሰበች። አላቸው እንጂ። ክፍል ውስጥ ተምረነዋል፤ ከፊት የሚለጠፍ አለ፣ ባዕድ መነሻ ይሉታል፤ ከኋላ የሚለጠፍ አለ፣ ባዕድ መድረሻ ይሉታል፤ መሃል ላይ ሥሩ ይቀመጣል። እኛም እኮ እንዲሁ ነን አለች፤ ቆረጠ ካልን ተቆረጠ፣ አስቆረጠ፣ አልቆረጠም እንላለን፤ መሃሉ ያው መቁረጥ ነው፣ ዙሪያው የሚለጠፈው ነው ሥራውን የሚለዋውጠው።

«ታዲያ ይህን ለማን አስቀምጠሽው ነው ሳምንት ሙሉ ስታስጨበጭቢኝ የከረምሽው?» አለች እትዬ ሞረድ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሌላ መለያ ክፍል ሆነ። ከሥራ ቦታ የተቀደዱ ካርቶኖች እያስፈቀደች ትወስዳለች፤ ልጅቷ በማርከር ቃሉን ጎላ አድርጋ ትጽፍበታለች፤ እትዬ ሞረድ በአውራ ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ጫን ጫን እያለች መገጣጠሚያውን ፈልጋ በቢላዋ ትለየዋለች። የመጀመሪያው ዲስኢንፌክሽን ነበር። ኢንፌክሽንን ማን አያውቅም፤ ቁስል ሲያመረቅዝ ሁሉም ሰው የሚለው ነው። ፊቱ ላይ ያለው ዲስ ነው ሥራውን የሚገለብጠው፤ የነበረውን ነገር ያነሳል፣ ይነጥቃል። መጨረሻው ላይ ያለው ሽን ደግሞ ድርጊቱን ነገር ያደርገዋል። ሦስቱን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና መልሳ ገጠመቻቸው፤ በሽታውን የማንሳት ሥራ። ማንም ሳይነግራት ፍቺው በራሱ ክብደት ወደቀላት።

በማግስቱ ጠዋት መጋዙን ልታስነሳ ስትል፣ ዘወትር እጇ የሚያርፍበት ማብሪያ ማጥፊያ ላይ የተጻፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ዲስኮኔክት። ትናንት የቆረጠችው ያው ዲስ ከፊት ቆሟል። ከኋላው ያለው ስልኳ በየቀኑ «ኮኔክሽን የለም» እያለ የሚያበሳጫት ነገር ነው። ግንኙነቱን አንሳ! ደስታዋ ልጅ አደረጋት፤ ማብሪያ ማጥፊያውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፣ አሥራ አንዱም ቆራጮች ደግሞ ዛሬ ምን ሆነች ብለው ተያዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋዋኗ ኪስ ዲስ፣ ሪ፣ ሽን በሚሉ የካርቶን ቁራጮች ተሞልቶ ይውል ነበር።

ደስታዋ ግን አንድ ጉድ ሠራት። ምሳ ሰዓት ላይ ካርቶኖቹን ትኩር ብላ ስታይ ቆይታ፣ ካርቶን የሚለውን ቃል ራሱን ለያየችው። ካር መኪና ነው። ቶን ያው ቶን ነው። ስለዚህ ካርቶን ማለት በመኪና በቶን በቶን የሚጫን ማለት ነው! ይህን ለራሷ ብትይዘው ጥሩ ነበር፤ እሷ ግን ለአሥራ አንዱም በሙሉ ልብ አስተማረች፣ ወሬ የሚወደው ሦስተኛው ቆራጭ እንዲያውም ቆቡ ላይ ጻፈው። ቤት ገብታ ለልጅቷ ስትነግራት ልጅቷ ከወንበር ወርዳ መሬት ተቀምጣ ሳቀች። እትዬ ሞረድ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ አኮረፈች፣ በመጨረሻ ጠየቀች።

«መገጣጠሚያ የሚመስል ሁሉ መገጣጠሚያ አይደለም፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ ዓይኗን እየጠረገች። «ካርቶን አንድ አጥንት ነው። ለይተሽ መልሰሽ ስትገጥሚው ፍቺው ካልመጣ፣ ያልሆነ ቦታ ነው የቆረጥሽው።»

እትዬ ሞረድ ይህ ገባት፤ እጥፋት አይቶ መገጣጠሚያ ነው ብሎ አጥንት ላይ ቢላዋውን የሚሰብር ቆራጭ ስንቱን አይታለች። በማግስቱ በአሥራ አንዱ ፊት ቆማ ትናንት ያልኳችሁን ተፉት አለች። ሦስተኛው ቆራጭ ቆቡን ማጠብ ነበረበት።

በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ያለውን ያን ደማቅ ረጅም ቃል በወረቀት ገልብጣ ይዛ ገባች። ከስድሳዎቹ አንዱ አይደለም፤ ግን ሥራዋን ሊወስድ የመጣውን ጠላት በስሙ ማወቅ ፈለገች። ልጅቷ አየችው። ኳሊፊኬሽን ነው አለች፤ ብቁነት፣ ለአንድ ሥራ የሚያስፈልግ ብቃት። ሬዲዮ ላይ ቡድኑ ኳሊፋይ አደረገ ሲሉ አልሰማሽም? የዚያ ቤተሰብ ነው። እትዬ ሞረድ ካርቶን ላይ አስጻፈችውና ሳትቆርጠው መስታወቷ ራስጌ ሰካችው። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ስትሸፍን ከእሱ ጋር ይተያያሉ።

የፈተናው ቀን ዓርብ ነበር። የሚስቱ ወንድም ቀደም ብሎ ገብቶ እየሳቀ ወጣ፤ ሲያልፍ ሰላም አላት። ቢሮው ውስጥ ክራቫት ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጧል፣ ከጎኑ የእንስሳት ሐኪሟ አለች። ሐኪሟ ቀጭን፣ ነገረ ቁጥብ ሴት ናት። መርምራ ያሳለፈችው ሥጋ ላይ ሐምራዊ ማህተሟን ትመታለች፤ ያ ማህተም የሌለው ሥጋ በግቢው በር አይወጣም። ደንቡ የፈተናው ወረቀት ሦስት ፊርማ እንዲኖረው ያዛል፤ የሥራ አስኪያጁ፣ የሐኪሟና የተፈታኙ።

እትዬ ሞረድ ተቀመጠች። ክራቫት የመጀመሪያው ቃል ያለበትን ወረቀት አዞረላት። አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፣ ጫን አደረገች፣ ቃሉን ለየችው፤ እያንዳንዱን ክፍል ጠራች፣ ይኼ ይህን ይሠራል፣ ይኼ ያንን ይሠራል አለች፤ ከዚያ ገጥማ ሙሉውን ተናገረችና ፍቺውን ሰጠች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። መገጣጠሚያ የሌለው ሲመጣ ይኼ አንድ አጥንት ነው ብላ በጭብጨባው መንገድ፣ በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች አወጣችው። ጊዜ ወሰደባት። አሥሩም ላይ እንዲህ ነበረች፤ አሥሩም ላይ ፍቺው መጣ። የሐኪሟ እስክርቢቶ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አሥር ጊዜ ሲንቀሳቀስ አይታለች።

ክራቫት ፈገግ አለ። ቃላቱን እየቆራረጠች መሆኑን፣ ሌላው ተወዳዳሪ ግን ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ እንዳላቸው፣ ማንበብ የሚባለውም እሱ እንደሆነ በትሕትና አስረዳት።

«ሙሉ በሬ በአንድ ጉርሻ የሚጎርስ ሰው አይተው ያውቃሉ?» አለችው። «እኔ ቆርጬ ነው የምበላው። ግን ምኑን እንደበላሁ አውቃለሁ።»

ሐኪሟ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። ስልክ ጮኸ፤ የከብት ማራገፊያው ላይ አንዲት ላም እግሯ ታጥፎ ወድቃለች፣ ሐኪሟ ትፈለጋለች። ሐኪሟ ማስታወሻዋን ኪሷ ከታ መጣሁ ብላ ወጣች።

ሁለቱ ቀሩ። ክራቫት የውጤት ወረቀቱን ስቦ የእትዬ ሞረድን ስም ሞላ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ጻፈና ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረላት። ድምፁ እንደ ማር ነበር።

«ጥሩ ሞክረዋል፣ እናቴ። ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልጋታል ነው የሚለው። እስከዚያ ኃላፊነቱ ከእርስዎ እጅ አይወጣም። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

እስክርቢቶውን ተቀበለችው። ደክሟት ነበር፤ ደህና ዜናም ይመስላል፤ መፈረሚያው ቦታ ላይ ጫፉን አሳርፋ ስሟን ልትጀምር ነበር። ዓይኗ ግን ያን ቃል አየው። ረጅም ነው። ከስድሳዎቹ ውስጥ አልነበረም። ከሁለተኛው ፊደል በኋላ ዓይኗ እንደ ድሮው ሸርተት አለባት፤ ደረቷ ውስጥ ያ የድሮው ሐፍረት ተነሳ። ተይው፣ ፈርሚና ውጪ አለቻት አንዲት ድምፅ። ይህችን ድምፅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሰማት ኖራለች።

እስክርቢቶውን አስቀመጠች። አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችና ጫን አለች።

ዲስ። እዚህ ጋ ዲስ አለ። ቆይ አለች ለራሷ፤ ካርቶንን አትርሺ። መገጣጠሚያ የሚመስል ሁሉ መገጣጠሚያ አይደለም። ሦስቱን ፊደሎች በአውራ ጣቷ ሸፈነቻቸው፤ የቀረው ብቻውን ይቆም እንደሆን ልታይ። ቆመ። ቆሞም ቀጥ ብሎ አያት፤ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት መስታወቷ ራስጌ ላይ ሲያያት የከረመው ያው ቃል ነው።

ክራቫት ይጠብቅ ነበር። በመሃሉ በሩ ተከፈተና ሐኪሟ እርጥብ ቦት ጫማዋን እያንጠባጠበች ደፉ ላይ ቆመች፤ እትዬ ሞረድ ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር አላየቻትም።

«ዲስ» አለች ጮክ ብላ። «ነጣቂው ነው። ኳሊፊኬሽን። ብቁነት።» አውራ ጣቷን አነሳች። «ዲስኳሊፊኬሽን። ብቁነቷ ተነስቷል፤ ከውድድሩ ወጥታለች።»

ቀና ብላ አየችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርስዎ ስትለው ነበር።

«ልጄ» አለችው። «ሥልጠና የሚለው የቱ ጋ ነው? እስኪ አሳየኝ።»

ክራቫት ቀላ። የቢሮ አጻጻፍ እንዲህ ነው፣ በቀጥታ አይተረጎምም፣ በኋላ ይስተካከል ነበር እያለ ተንተባተበ። ሐኪሟ ገብታ ከእትዬ ሞረድ ወንበር ጀርባ ቆመች፤ ጥያቄዋን የጠየቀችው ግን እሱን አልነበረም።

«ምን ይላል አሉ፣ እትዬ?»

እትዬ ሞረድ ደገመችላት። ዲስ ከመመሪያው፣ ከዲስኢንፌክሽን እንደተገኘ፣ ያው ዲስ የመጋዙ ማብሪያ ማጥፊያ ላይም እንዳለ፣ የቀረው ከሰሌዳው እንደመጣ፣ አንድ በአንድ አሳየቻት። ሐኪሟ ማስታወሻዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የእሷ አሥር ከአሥር ይላል፤ ከበላዩ የተጻፈው የሌላው ተወዳዳሪ ግን ፍቺ ስለጎደለው ሰባት ነው። ክራቫት በአንድ ትንፋሽ አላነበበችም እኮ ሲል፣ ማስታወቂያው ማንበብና ፍቺውን መናገር ነው ያለው፣ ትንፋሽ የሚል ቃል የለበትም አለችው። ከዚያም አሁን ያነበበችውን እንኳ ማንም አላስጠናትም፤ አሥራ አንደኛ ብለን እንያዘው አለች።

እትዬ ሞረድ እስክርቢቶውን አነሳች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሳበች፤ ወፍራም፣ ማንበብ እስከማይቻል። ከዚያ ከሥሩ ስሟን ሙሉውን፣ ከነአባቷ ጻፈች።

«የማይበላውን ቆርጬ ጥያለሁ» አለች። «የቀረው ንጹህ ነው።»

ሐኪሟ ፈረመች። ፈርማም አልበቃትም፤ ከጋዋኗ ኪስ ማህተሟን አወጣች፣ ሃ ብላ ተነፈሰችበትና ወረቀቱ ላይ መታችው። ሐምራዊው ክብ ከፊርማዎቹ ጎን ወጣ። ክራቫት ይኼ እኮ የሥጋ ማህተም ነው አለ።

«መርምሬ ላሳለፍኩት ነገር ሁሉ ያለኝ ማህተም ይኼ ብቻ ነው» አለች ሐኪሟ።

የቀረው የእሱ ፊርማ ነው። እትዬ ሞረድ ከወንበሯ አልተነሳችም። ከታች የሐዲዱ ድምፅ አይሰማም፤ ኃላፊዋ ፈተና ላይ ስለሆነች ሥራው ቆሟል፣ በሩ ላይ የማቀዝቀዣ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። እሷ ጊዜ አላት፤ እጇን አጣጥፋ ክራቫቱን እያየች ተቀመጠች። እሱ መስኮቱን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ማህተሙን አየ። ሌላ የሚያየው ነገር ሲያጣ ፈረመ።

ደረጃውን አሁን የወረደችው ግድግዳውን ሳትይዝ ነው። መለያ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ አሥራ አንዱም ሥጋው ፊታቸው ተሰቅሎ፣ እጃቸውን ብረት ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ወደ በሩ ያዩ ነበር። ሊጠይቃት የደፈረ የለም። ሞረዱን ከወገቧ መዘዘችና ቢላዋዋን ሁለት ጊዜ ሳለች፤ ከዚያ በጠረጴዛው አጠገብ ዝግ ብላ እያለፈች፣ ከበሩ እስከ ጥጉ፣ እጆቹን ቆጠረቻቸው።

አሥራ አንድ ሰው፣ መቶ አሥር ጣት። ሁሉም ቦታው ላይ ነበር።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች። «ሐዲዱን አስነሱት። በዝግታ።»